ማሳወቅ ሌላ፣ ካሳ መጠየቅ ሌላ



ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ በየካቲት 12 አደባባይ ያለፈ ሰው የቦታውን ነገር ያውቀዋል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርደው፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚመጣው፣ ከአምስት ኪሎ ሽቅብ የሚወጣው መኪና ሁሉ ሐውልቱን ለመዞር ይጋፋል። ተማሪ ይሻገራል፣ ወደ ሆስፒታሉ በሽተኛ የያዘ ታክሲ ይታጠፋል። በዚህ መሐል አንድ ሚኒባስ ከፊቱ ያለችውን ቪትዝ ከኋላ ይገጫታል። ፓራውልቷ በአንድ ጎን ይላቀቃል፣ የኋላ መብራቷ ይሰነጠቃል። ሾፌሮቹ ሲወርዱ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይቀልጣል። ከመንገድ ዳር የቆመው ሁሉ ሽማግሌ ይሆናል፤ «ነፍስ ተርፏል፣ ብረት ለምን ያጣላችኋል፣ ተስማሙና መንገድ ልቀቁ» ይላል። ረዳቱ «እህቴ፣ በናትሽ» እያለ ይለምናል። መምህርት ናት እንበል የቪትዟ ባለቤት፤ ክፍል ረፍዶባታል። እሷ 5,000 ትላለች፣ ሾፌሩ 2,000 ይላል፣ በ3,000 ይቆረጣል። ገንዘቡ በቴሌብር ይላካል፣ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። ነገሩ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ዛሬ የምናገረው ስለዚች 3,000 ብር ነው።

እኔ ዕድሜዬን በመድን ሥራ፣ ይልቁንም በካሳ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ዓይነት ስምምነት እንደ ጨዋነት የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ ጨዋነቱን አልክድም። ፀብ ሳይነሳ ተመካክሮ መለያየት የኖርንበት ነው፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን መምህርቷ ሙሉ ሽፋን የገባች ናት፤ በየዓመቱ አረቦን ትከፍላለች። ታዲያ ለምን ለኩባንያዋ አልደወለችም? ብትጠይቋት መልሷ ከሌላው ባለ መኪና መልስ አይለይም፤ «ኢንሹራንሱን ከነካካሁት ለከርሞ ይጨምሩብኛል» ትላችኋለች።

መልሷ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰዉን ብዙ ገንዘብ ያስወጣዋል፤ እኔም እዚህ የቆምኩት በእሱ ምክንያት ነው።

እውነቱን ላስቀድም። የሙሉ ሽፋን አረቦን ሲሰላ የመኪናው ዋጋ ይታያል፣ ዕድሜው ይታያል፣ ለግል ነው ወይስ ለሥራ፣ ስንት ሰው ወይም ስንት ኩንታል ይጭናል የሚለው ይታያል። ውሉ ሲታደስ ደግሞ የኋላ ታሪኩ ይገለጣል። ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ የጨረሰ በተለምዶ «ኖ ክሌም» የምንለውን ቅናሽ ያገኛል፤ የጠየቀ ቅናሹ ይቀርበታል። ደጋግሞ የጠየቀ ሰው አረቦኑ ከመደበኛው በላይ ይጨመርበታል፤ ወይም ከራሱ ኪስ የሚችለው የመጀመሪያ ድርሻ፣ ማለትም ኤክሰሱ፣ ከፍ ይልበታል፤ ሲብስ «ውልዎን አናድስም» ይባላል። መጠኑ እንደየኩባንያው ይለያያል። ዱሮ እንዲህ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የተወረሱት 13 ኩባንያዎች ተጠቃልለው በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲቋቋም፣ አገሪቱ ለረጅም ጊዜ በአንድ ሱቅ ተገበያየች። የ1986ቱ አዋጅ ለግል ባለሀብት በሩን ከከፈተ በኋላ ኩባንያው በዛ፣ ፉክክሩም በረታ። ፉክክሩ ከሁሉ በላይ የከረረው በመኪና መድን ላይ ነው፤ ብዙው አረቦን የሚገባው በዚያ፣ ብዙው ካሳም የሚወጣው በዚያ ነውና። ስለዚህ ውል የሚያድሰው ሠራተኛ የደንበኛውን የካሳ ታሪክ ቢያገላብጥ አይፈረድበትም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል። «እድራችን እንኳ ሦስት ጊዜ ሐዘን የገባበትን ቤት መዋጮ ጨምር አይለውም፤ እናንተ ግን የተጎዳውን ትጨምሩበታላችሁ» ያሉኝ እናት አሉ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ሞት ግን በሁሉም ቤት ይገባል፤ ማንም በጥንቃቄ ጉድለት ሐዘን አያበዛም። መንገድ ላይ ሌላ ነው። ጠጥቶ የሚነዳውና ረግቶ የሚነዳው እኩል ይክፈሉ ብንል፣ የረጋው ሰው የሰካራሙን ዕዳ ይሸከማል። አረቦን የሰውን ታሪክ መከተሉን እኔ እቀበላለሁ። የማልቀበለው የሚከተልበትን መንገድ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወረቀት የያዛችሁ ጻፉልኝ። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የራሳችሁን በቦታቸው ተኩ። መደበኛ አረቦኑ 30,000 ብር ነው እንበል። የ20 በመቶ ቅናሽ ስላለ የሚከፈለው 24,000 ነው። ኤክሰሱ 5,000 ብር። ጉዳቱ 9,000 ብር ከሆነ ኩባንያው 4,000 ብር ይከፍላል፤ ለከርሞ ግን የ6,000 ብሩ ቅናሽ ይቀራል። ቅናሹ ደግሞ እንደገና የሚገነባው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ካሳ መጠየቅ ኪሳራ ነው፤ አትጠይቁ። ጉዳቱ 90,000 ብር ቢሆንስ? ኩባንያው 85,000 ይከፍላል። ሁለት ሦስት ዓመት ሙሉ ቅናሹን ብታጡና ጭማሪ ቢታከልበት እንኳ የምታጡት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ይህን ካሳ ፈርቶ የተወ ሰው ለዓመታት የከፈለውን አረቦን ሜዳ ላይ በተነው ማለት ነው። የእያንዳንዳችሁ መስመር በእነዚህ በሁለቱ መሐል ነው። ኤክሰሳችሁን ያዙ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የሚቀርባችሁን ቅናሽ ደምሩበት፤ ከድምሩ በታች የሆነውን ጉዳት ራሳችሁ ቻሉት፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ጠይቁ።

ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ይህን ሒሳብ ለመሥራት የጉዳቱን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። አደባባዩ ላይ፣ ጥሩምባ እየጮኸ፣ ዋጋውን ማን ያውቃል?

ወደ መምህርቷ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ መኪናዋን ወደ ጋራዥ ትወስዳለች። ባቲላሜራው ፓራውልቱን ፈትቶ ያነሳና ይጠራታል። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው ብረት ወደ ውስጥ ገብቷል። የጎማ መቀመጫው ወለል ላሜራ ተጨማድዷል። የኋላው በር በቀኝ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይዟል፤ እስካሁን ያልታያት አቧራው ስለሸፈነው ነው። ፓራውልት ከመጀመሪያው የተሠራው ለዚህ ነው፤ ራሱ ተለጥጦ ይመለሳል፣ ምቱን ግን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ፕሮፎርማው 68,000 ብር ይላል። የሚኒባሱን ሾፌር ስም ከቴሌብሩ ላይ ታገኘዋለች፤ ስትደውል «ተስማምተን የለም እንዴ፣ እህቴ» ይላታል። እውነቱን ነው፣ ተስማምተዋል።

ከዚያ ወደ እኛ ትመጣለች። የፖሊስ ማስረጃ የለም። የአደጋው ፕላን አልተነሳም። የሚኒባሱን ታርጋ አልያዘችም። ከዚህም የከበደ አለ። የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን የመድን ክፍሉ ዛሬም ይሠራበታል፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልተካውም። በዚያ ሕግ መሠረት ካሳ የከፈለ ኩባንያ በተጎጂው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን ይጠይቃል። ተጎጂው ይህን መብት በራሱ ሥራ ካበላሸው ደግሞ ኩባንያው ከኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ ሊሆን ይችላል። መምህርቷ በ3,000 ብር የሸጠችው የራሷን መብት ብቻ አይደለም፤ ኩባንያዋ በእሷ ስም የሚጠይቅበትን መብት ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ልቤ ያዝን ነበር፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ አንዳች ክፉ ነገር አላደረጉምና።

እዚህ ስድስት ኪሎ ሕግ የተማራችሁ ይህን ቀጥሎ የምለውን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ያልተማርነው ግን ሳናውቀው እንኖራለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። በአንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገመታል፣ የጉዳቱንም ድምር ባለቤቶቹ እኩል ይካፈላሉ። ይህ የሚሻረው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ሜትሩን ዘርግቶ የሚያነሳው ፕላን ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ያለ እሱ፣ ቆማ የተገጨችው ቪትዝና ከኋላ የመጣው ሚኒባስ በሕግ ፊት ግማሽ ለግማሽ ናቸው።

እንግዲህ የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው። አደጋውን ለኩባንያው ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፣ ካሳ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። እኛ ሁለቱን አንድ ስላደረግናቸው፣ ሁለተኛውን ፈርተን የመጀመሪያውን እንተዋለን። ማሳወቅ ማለት ደውሎ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህ ደርሶብኛል» ማለት ነው፣ ቅጹን መሙላት ነው፣ የፖሊሱን ማስረጃ ማያያዝ ነው። ለዚህ ሕጉም ፖሊሲውም የሰጡት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ቀን ነው፤ ሳምንት ጠብቁ የሚል የለም። ካሳ መጠየቅ ግን ሊዘገይ ይችላል። ከውሉ የሚነሳ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በሁለት ዓመት ነው። በመሐሉ ጋራዥ ሄዳችሁ፣ ፓራውልቱን አስፈትታችሁ፣ ፕሮፎርማ ይዛችሁ፣ ያን ሒሳብ ረጋ ብላችሁ ትሠራላችሁ። ጉዳቱ ከመስመሩ በታች ከሆነ ትተዉታላችሁ።

«ማሳወቄ ራሱ አይቆጠርብኝም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ቅናሹን በአብዛኛው የሚያስቀረው የተከፈለ ካሳ ነው። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ የካሳ ክፍል ሰዎች እናውቀዋለን፣ ለደንበኛ ግን አንናገረውም። ያሳወቃችሁት አደጋ ፋይሉ ክፍት ሆኖ የእድሳት ቀን ከደረሰ፣ ኩባንያው ለዚያ ፋይል ገንዘብ መድቦ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ውል የሚያድሰው ሠራተኛ ካልተከፈለ ካሳ ይልቅ ሊከፈል ያለ ካሳ ያያል። ስለዚህ የማትፈልጉትን ጥያቄ ዝም ብላችሁ አትተዉት። «ጉዳቱን በራሴ ወጪ አስጠግኛለሁ፣ ፋይሉ ይዘጋልኝ» የምትል አጭር ደብዳቤ ጻፉ፣ ቅጂውንም በማኅተም ተቀበሉ። ይህች ደብዳቤ ቅናሻችሁን ታድናለች።

ሰው የተጎዳበት አደጋ ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ውጭ ነው። አደባባዩ ላይ «ደህና ነኝ» ያለ ተሳፋሪ ማታ አንገቱን ማዞር ሊያቅተው ይችላል። ሰው ተነክቶ ከሆነ መጀመሪያ ሕክምና፣ ወዲያው ደግሞ ፖሊስ ነው እንጂ መንገድ ላይ ስምምነት የሚባል ነገር የለም። የ2005ቱ የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር የሚሸፈንበትን መንገድ ያበጀው ማንም ሆስፒታል በር ላይ ገንዘብ አጥቶ እንዳይሞት ነው።

ስለዚሁ አዋጅ ሌላም ልበል። ከእናንተ ብዙዎቹ የመኪናችሁ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይታችሁ «ኢንሹራንስ አለኝ» ትላላችሁ። ያ ሽፋን የቆመው ለሌላው ሰው ነው፤ የራሳችሁን መኪና አንዲት ፍሬቻ አይተካላችሁም። ለሌላውም ቢሆን ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው 100,000 ብር፣ ለሞትም ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። አሁን ያለውን ጣሪያ ከኩባንያችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። መንገዱ ላይ ያለው የመኪና ዓይነት ተለውጧል። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ ኤሌክትሪኩ በየቀኑ እየበዛ ነው። የእነዚህ መኪኖች አንድ የፊት መብራት ከነሴንሰሩ ስንት እንደሚጠየቅ መለዋወጫ ነጋዴውን ጠይቁት። ከጣሪያው በላይ ያለው ሁሉ በአንቀጽ 2081 በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ በሁለት ሦስት ዓመት ከማንኛውም ነገር በላይ ቤተሰብ ሲጎዳበት ያየሁት የመኪናው ግምት ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫው አብሮ ወጣ፣ የመኪናው ዋጋም አብሮ ወጣ። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ግምት ግን ብዙዎቻችን በገዛንበት ዋጋ ቆሟል፤ ግምቱ ከፍ ካለ አረቦኑም ከፍ ይላል ብለን ፈርተን አልነካነውም። አሁንም ለስሌት ያህል፦ መኪናው ዛሬ 1,500,000 ብር ያወጣል፣ በፖሊሲው የተመዘገበው 600,000 ነው። ኩባንያው የወሰደው አደጋ የመኪናውን 40 በመቶ ብቻ ነው፣ የቀረው 60 በመቶ መድን ሰጪው ራሱ ባለቤቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የ300,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ክፍያው ከ120,000 ብር አይበልጥም፤ ኤክሰሱም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። መኪናው ያረጀ ከሆነ ለአዲስ መለዋወጫ የእርጅና ተቀናሽ ይታከላል። ሰዉ «ሙሉ ሽፋን ብለው አታለሉኝ» እያለ ሲወጣ አይቻለሁ። ማንም አላታለለውም፤ ግን ማንም አላስረዳውም። ውል በሚታደስበት ቀን «የመኪናዎ ዋጋ ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሠራተኛው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። አለመጠየቁ ደንበኛን መካድ ነው።

አሁን ወደ ተውኩት ጉዳይ ልመለስ፤ አረቦን የሰውን ታሪክ የሚከተልበት መንገድ።

በፈረንሳይ አገር እያንዳንዱ አሽከርካሪ አንድ መለኪያ ቁጥር አለው። ከ1 ይጀምራል። ጥፋተኛ የሆነበት አደጋ ሳይደርስ ዓመት በሞላ ቁጥር 5 በመቶ ይቀነስለታል፤ ለ13 ዓመት የረጋ ሰው ግማሹን ብቻ ይከፍላል። ባጠፋ ጊዜ 25 በመቶ ይጨመርበታል። ቆሞ የተገጨ ግን ምንም አይጨመርበትም። ቁጥሩ በሕግ የተጻፈ ነው፣ ኩባንያ ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ ማንም ነገ የሚከፍለውን ዛሬ አስልቶ ያውቃል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ሲያረቅ፣ የንግድ ሕጋችንም በእነ ዣን ኤስካራ ሲረቀቅ፣ ከዚያ አገር ብዙ ወስደናል። ይህ መለኪያ ግን አልመጣም።

እኛ ጋ ታሪኩ የተጻፈው በመኪናውና በባለቤቱ ላይ ነው። ሚኒባሱን የሚነዳው ተቀጣሪ ሾፌር ነው፤ ሲጋጭ የባለቤቱ አረቦን ይጨምራል፣ እሱ በሳምንቱ ሌላ ሚኒባስ ላይ ይወጣል። ታሪኩ የማይከተለው ሾፌር ለምን ይጠነቀቃል? ባለቤቱም ጭማሪውን ሸሽቶ ሌላ ኩባንያ ይሄዳል፤ «ከዚህ በፊት ካሳ ጠይቀዋል?» ሲባል «አልጠየቅኩም» ይላል። ይህች ቃል ቀላል ትመስላለች። በንግድ ሕጉ ግን ሆን ብሎ የተሳሳተ ቃል የሰጠ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ትልቁ አደጋ ደርሶ፣ ፋይሉ ሲመረመር ነው። በሌላ በኩል፣ መኪናው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ በሌሊት የተገጨችበትና የገጪውን ማንነት ያላወቀ ሰው ቅናሹን ያጣል። ጥፋቱ ምንድን ነው? ለዚህ ሰው «ታሪክዎ ተበላሽቷል» ማለት ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ያኔም በሥራ ላይ ሳለሁ አይመስለኝም ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኩባንያዎች የቅናሻቸውንና የጭማሪያቸውን ሠንጠረዥ ከፖሊሲው ጋር አያይዘው ይስጡ፤ ደንበኛ ካሳ ከመጠየቁ በፊት ለከርሞ የሚያስከፍለውን ይወቅ። ያጠፋና ያላጠፋ ይለይ። የሾፌሩ ታሪክ በመንጃ ፈቃዱ ቁጥር ይያዝ፣ ኩባንያዎቹም ይለዋወጡት፤ የሚቆጣጠራቸው ብሔራዊ ባንክ ይህን ቢያዝ እንቢ የሚል አይኖርም። ያን ጊዜ የአደባባዩ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈውን ስለሚያስብ ርቀቱን ጠብቆ ይነዳል፣ መምህርቷም ለመደወል አትፈራም።

እስከዚያ ግን ያለን ውል ያው ያለን ነው። በጥሪው ላይ ፖሊሲያችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ለምኜ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ እንደያዛችሁ አያለሁ። እባካችሁ አውጡት። መጀመሪያ የመኪናውን ግምት፣ ቀጥሎ ኤክሰሱን፣ ከዚያም አደጋ ለማሳወቅ የተሰጠውን ቀን ፈልጉ፤ የመጨረሻውን አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው በጥቃቅን ፊደል ታገኙታላችሁ። ያጣችሁ እጃችሁን አንሱ፣ እየዞርኩ አብረን እንፈልገዋለን፤ ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።